ጓደኛዬ ከሞተ በኋላ ሌላ ሰው ወደድኩ፣ ክህደት ነው ወይ? (የባለሙያ ምላሽ)

ጥያቄው ረጅም ስለነበር ሌሎቻችሁም እንድትከታተሉት አሳጥሬ ላስቀምጠው። ጠያቂዋ 22 ዓመቷ ነው፣ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ነው የምትኖረው፣ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ከ11ኛ ክፍል ጀምሮ አብሯት የነበረው ልጅ የዛሬ ሁለት ዓመት ከሐረር ሲመለስ ደንገጎ ዳገት ላይ በመኪና አደጋ አረፈ። ቤተሰቦቿ ጓደኛ እንዳላት አያውቁም ነበር፣ የልጁ እናት ግን ታውቃታለች፣ እስከዛሬም አርብ አርብ ትደውልላታለች። አሁን ሌላ ልጅ ወዳለች። "ሲያስቀኝ እስቃለሁ፣ ወዲያው ሆዴን ይቆርጠኛል፣ የሆነ ነገር የሰረቅኩ ይመስለኛል" ትላለች። አዲሱ ልጅ ሐረር ቤተሰቦቼ ጋ ልውሰድሽ ሲላት በዛ መንገድ አላልፍም ብላ ተጣልተዋል። የምትጠይቀው ሶስት ነገር ነው፦ ክህደት ነው ወይ፣ ለእናቱ ምን ልበላት፣ የስልኬ ስክሪን ላይ ያለውን ፎቶውን ልቀይረው ወይ።

ሰላም እህቴ። በመጀመሪያ ነፍስ ይማር፣ እግዜር ያጽናሽ። ይሄን የምልሽ ለወጉ አይደለም፣ ከጻፍሽው እንደገባኝ በዚህ ሁለት ዓመት ይሄን ቃል ላንቺ ብሎ ያለሽ ሰው ከእናቱ በቀር የለም፣ ስለዚህ ከሌላው ሁሉ በፊት እሱ ይቅደም ብዬ ነው። እኔ እዚሁ ድሬ የምሠራ ሳይኮሎጂስት ነኝ፣ አሥራ ምናምን ዓመት ሆኖኛል፣ አብዛኛውን ጊዜ የማገኘው ሐዘን ላይ ያሉ ሰዎችን ነው።

መልሱን አላንጠለጥልብሽም፣ ክህደት አይደለም። ግን ይሄን ብቻ ብዬሽ ብተውሽ ምንም አልጠቅምሽም፣ አንቺም ለራስሽ ብለሻል፣ ሆድሽ ግን መቁረጡን አልተወም። ጭንቅላትሽ ያወቀውን ሆድሽ ለምን እምቢ እንዳለ ነው ማየት ያለብን።

ጥያቄሽን ሳነብ እኔ የቆምኩት አዲሱ ልጅ ጋ አይደለም። መሃል ላይ እንደ ዋዛ የጻፍሻት አንድ መስመር ጋ ነው፦ "ለቅሶው ላይ ከክፍል ልጆች ጋር ድንኳኑ ጥግ ተቀመጥኩ፣ ማታ ቤት ስገባ እናቴ ሽሮ አቀረበችልኝ፣ በላሁ።"

እስኪ ይሄን አብረን እንየው። የ20 ዓመት ልጅ ነሽ፣ ሶስት ዓመት የወደድሽው ሰው ዛሬ ተቀብሯል። እናቱና እህቶቹ ጥቁር ለብሰው ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል፣ የገባው ሰው ሁሉ እነሱ ጋ ጎንበስ እያለ እግዚአብሔር ያጽናችሁ ይላል፣ አንቺ ጋ ሲደርስ ንፍሮ ዘግኖ ይሰጥሽና ያልፋል። ድምፅ አውጥተሽ ብታለቅሺ "ይቺ ደግሞ ምኑ ናት" ሊባል ነው፣ ስለዚህ ዋጥ አደረግሽው። ቤት ስትገቢ እናትሽ ምነው ፊትሽ ብትልሽ ሙቀቱ ነው ብለሻት ይሆናል፣ ድሬ ላይ ይሄ ምክንያት መቼም አያልቅም። ከዛ እጅሽን ታጥበሽ ቀርበሽ በላሽ። በነጋታው ባለቀለም ልብስ ለብሰሽ ከቤት ወጣሽ። የሐዘንሽ ሥርዓት በቃ ይቺ ናት፣ አንድ ራት።

የኛ ሰው ለቅሶ ላይ ትልቅ ጥበብ አለው። ድንኳኑ ይተከላል፣ ዕድሩ ወንበርና ድስቱን ያመጣል፣ ጎረቤት በየተራ እያደረ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይሆን ይጠብቀዋል፣ ከዛ ሰልስቱ፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ መንፈቁ፣ ሙት ዓመቱ እያለ ሐዘኑ ቀን ቀን ተሰፍሮለት ይሄዳል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጋም ባሏ የሞተባት ሴት እርጉዝ ካልሆነች ዒዳ የምትቀመጠው አራት ወር ከአሥር ቀን ነው፣ የታወቀ መጀመሪያና መጨረሻ አለው። ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ቀን አንድ ትልቅ ሰው፣ አክስት ትሁን ጎረቤት፣ መጥታ "በይ ልጄ በቃሽ፣ ይሄን ጥቁር ቀይሪ" ትላለች። ይቺ ቃል ቀላል እንዳትመስልሽ። ሐዘንተኛዋ ራሷ አፍ አውጥታ በቃኝ ማለት ስለማትችል ሌላ ሰው ይልላታል፣ ከዛ በኋላ ብትስቅም ብታገባም ያ ቃል ከጀርባዋ ይቆማል።

ላንቺ ይሄን ያለሽ የለም። ጥቁሩንም አልለበስሽም፣ እንዴት ቀይሪው ትባያለሽ?

ኬኔት ዶካ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ በፈረንጆቹ 1989 ለዚህ አይነቱ ሐዘን ስም አውጥቶለታል፣ በኛ አማርኛ እውቅና ያልተሰጠው ሐዘን ብንለው ይቀርባል። ሰውየው ጎድሎበታል ግን አካባቢው እንደ ሐዘንተኛ አይቆጥረውም፣ ድብቅ ፍቅረኛ፣ የተፈታች ሚስት፣ ፅንስ የወረደባት ሴት፣ እንደነዚህ ያሉት ናቸው። እንዲህ ያለ ሐዘን የሚከብደው ፍቅሩ ከሌላው ስለሚበልጥ ሳይሆን አብሮ የሚሸከም ሰው ስለሌለ ነው። ስለዚህ ያ ሆድ ቁርጠት ይመስለኛል የሚልሽ "ከዳሽው" አይደለም፣ "እኔን ገና ማንም አላለቀሰኝም" ነው የሚልሽ። ሁለቱ ድምፃቸው ስለሚመሳሰል ነው የተምታታብሽ።

በነገራችን ላይ ጊዜው ገና ነው ወይ ብለሽም ስለጠየቅሽ፣ እዚህ ድሬም የሚሠራበት የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 16 ላይ ባሏ የሞተባት ወይ የፈታች ሴት ድጋሚ ለማግባት 180 ቀን እንድትጠብቅ ይላል፣ እሱም የሚወለደው ልጅ የማን ነው የሚል ጥያቄ እንዳይመጣ እንጂ ሐዘን ይለካል ብሎ አይደለም። ሕጉ ለሚስት እንኳን ያስቀመጠው ያንን ያህል ነው። ያንቺ ሁለት ዓመት በማንም መለኪያ ችኮላ አይባልም።

አሁን ወደ ሳቁ እንምጣ፣ ሲያስቀኝ እስቃለሁ ወዲያው ይቆርጠኛል ወዳልሽው። ብዙ ሰው ሐዘን ደረጃ ደረጃ አለው፣ መካድ መናደድ ምናምን እያለ መጨረሻ ላይ መቀበል ጋ ደርሶ ያልቃል ብሎ ያስባል። እሱ ነገር የመጣው ኤልሳቤት ኩብለር ሮስ የምትባል ሐኪም በፈረንጆቹ 1969 ካሳተመችው ነው፣ ያጠናችው ደግሞ በአብዛኛው ራሳቸው ሊሞቱ የተቃረቡ በሽተኞችን ነበር፣ በኋላ ነው ለሐዘንተኛውም እንደ መሰላል የተወሰደው። አንቺም ሳታውቂው መሰላሉን ይዘሽ መጨረሻው ላይ ሳልደርስ እንዴት ሌላ ወደድኩ እያልሽ ነው። በፈረንጆቹ 1999 ሆላንድ አገር ያሉ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ማርጋሬት ስትሮብና ሄንክ ሹት፣ ከዚህ የተሻለ ነገር አመጡ። ሐዘንተኛ ሰው ሁለት ቦታ መሃል ይመላለሳል ነው የሚሉት፣ አንዴ ወደ ጎደለው ሰው ይዞርና ያለቅሳል፣ ይናፍቃል፣ ፎቶ ያያል፣ አንዴ ደግሞ ወደ ኑሮው ይዞርና ይሠራል፣ ይስቃል፣ አዲስ ሰው ያውቃል። በአንድ ቀን ውስጥ አሥር ጊዜ ሊመላለስ ይችላል። መመላለሱ ነው ጤናው፣ አንዱ ጋ ተጣብቆ መቅረቱ ነው የሚያሳስበን። ስለዚህ ያንቺ ሳቅና ቁርጠት ተከታትለው መምጣታቸው የሆነ ነገር ተበላሸ ማለት አይደለም።

ጥርስ ባዳ ነው ይላሉ እናቶቻችን፣ ሆድ እያለቀሰ ይስቃል ለማለት። እውነት ነው፣ ለቅሶ ቤትም ሰው ይስቃል። ያንቺ ሳቅ ግን ባዳ ሳቅ አይመስለኝም፣ የራስሽ ነው፣ ልጁ እውነት አስቆሽ ነው።

የደቻቱን ወንዝ ታውቂዋለሽ። ዓመቱን አብዛኛውን ደረቅ አሸዋ ነው፣ ሰው ይሻገርበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ጎርፉ ሲመጣ ግን ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ሊመጣ ይችላል፣ ዝናቡ የዘነበው ላይ ተራራው ጋ ነዋ። ሐዘንም እንደዛ ነው፣ አንቺ ያለሽበት ሰማይ ጥርት ብሎ ሳለ ሩቅ ቦታ የዘነበ ነገር ድንገት ይደርስብሻል፣ ፋርማሲ ውስጥ አንድ ሰው የሱን ሽቶ ተቀብቶ ይገባና እጅሽ ላይ ያለው መድኃኒት ምን እንደሆነ ይጠፋሻል። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ያ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል፣ አንቺ ሕፃን ነበርሽ። ባሏን ያኔ ያጣች አንዲት ሴት ጋ ሠርቻለሁ፣ እንዳትታወቅ ታሪኳን ቀይሬዋለሁ። ከዓመታት በኋላ ሌላ ሰው አግብታ ልጆች ወልዳ፣ ክረምት በገባ ቁጥር ግን ሌሊት ተነስታ በር ላይ ትቆማለች። ወደኔ የመጣችው ሁለተኛውን ባሌን አልወደውም ማለት ነው ወይ ብላ ነው። ባሏ ደግሞ ከሷ ጋር ሲመጣ ያለው አንድ ነገር ነው፣ "እኔ ጋቢ ይዤላት እወጣለሁ፣ ሌላ ምን ላድርግ?" ሌላ ምንም ማድረግ አልነበረበትም። እሷም ሁለቱንም ትወድ ነበር፣ አንዱን በር ላይ ቆማ፣ አንዱን ጋቢው ውስጥ ሆና።

ጓደኛሽ በቴሌግራም ስለላከልሽ የድምፅ መልእክቶች ደግሞ ልንገርሽ፣ ይሄ ጋ ትንሽ እቆያለሁ ምክንያቱም ዋናው ቋጠሮ እዚህ ይመስለኛል። ማታ ማታ ከመተኛቴ በፊት የምሰማው የመጨረሻውን ነው ብለሻል፣ "ከሐረር ወጥቻለሁ፣ ድሬ ስገባ እደውልልሻለሁ፣ አንቺ ምሳሽን ብዪ" የሚለውን። በየሌሊቱ ሰውየውን መንገድ ላይ አድርገሽው ትተኛለሽ ማለት ነው፣ ከሐረር ወጥቷል ድሬ ግን አልገባም፣ አንቺም ስልኩን እየጠበቅሽ ነው። እንዲህ እየጠበቅሽ ሌላ ሰው ስትወጂማ እንዴት ስርቆት አይመስልሽ።

ድምፁን አጥፊው እያልኩሽ አይደለም፣ በፍጹም። ድሮ በሳይንሱም ዓለም ሐዘንተኛ ከሞተው ሰው ልቡን ነቅሎ ካልወጣ አይድንም ይባል ነበር፣ ከፈረንጆቹ 1996 ወዲህ ግን ዴኒስ ክላስና ባልደረቦቹ ካሳዩት ጀምሮ ከሞተው ሰው ጋር ያለ ትስስር መልኩን ቀይሮ ይቀጥላል፣ መቀጠሉም ጤነኛ ሊሆን ይችላል የሚለው በሰፊው ተቀባይነት አግኝቷል። እኛማ ተዝካር የምናወጣ፣ በስሙ የምንዘክር ሕዝብ ነን፣ ይሄ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። የምልሽ፣ አንደኛ ሰዓቱን ቀይሪው፣ አልጋ ላይ ሆነሽ ሳይሆን እሁድ ከሰዓት ወይ ሌላ ቀን ራስሽ ቀጥረሽ ቁጭ ብለሽ ስሚው፣ እንቅልፍሽም ይመለሳል። ሁለተኛ ወደ ላይ ስክሮል አድርጊና ሌሎቹን ስሚ፣ የተኮሳተረበትን፣ የተጨቃጨቃችሁበትን፣ በቀጠሮ አርፍዶ የዋሸሽን።

ለምን መሰለሽ፣ ሙት ወቃሽ አትሁን ተብለን ስላደግን የሞተ ሰው ጥፋት ቀስ በቀስ ይረሳል፣ ሁለት ዓመት ሲሆነው አንድም ጉድለት የሌለበት ሰው ይሆናል፣ ከዛ በሕይወት ያለው ምስኪን፣ የሚያረፍደው፣ ቻርጅ የሚያልቅበት፣ አንዳንዴ የሚናደደው ልጅ፣ ከዚህ ጋር ይወዳደራል። ማንም አያሸንፍም። ጓደኛሽን እንደነበረ ብታስታውሺው አትወቅሺውም፣ ይልቅ እውነተኛውን ልጅ መልሰሽ ታገኚዋለሽ፣ የወደድሽውም እሱን ነበር። በነገራችን ላይ "እውነተኛ ፍቅር አንዴ ነው" የሚለውን ከዘፈንም ከድራማም እየሰማን ነው ያደግነው፣ እኔ በዚህ አልስማማም። ቢሮዬ ሲመጡ ካየኋቸው ሰዎች፣ መውደድን ያወቀ ሰው ድጋሚ ሲወድ ከፊተኛው የበለጠ ይጠነቀቃል፣ "ስገባ እደውላለሁ" የምትባለዋን ነገር ዋጋ ያውቃታላ።

አዲሱን ልጅ በተመለከተ። እሱን ነው የወደድሽው ወይስ ሕመሙ እንዲቆምልሽ ብቻ ነው የፈለግሽው የሚለውን እኔ ከዚህ ሆኜ ልነግርሽ አልችልም፣ ግን አንድ ነገር ጽፈሻል፣ ስለ እሱ ስታወሪ ስለ አረማመዱ፣ ለባጃጅ ሹፌር ሳይቀር አመሰግናለሁ ብሎ ስለመውረዱ፣ ማንጎ ከነልጣጩ ነክሶ ስለመብላቱ ጻፍሽ። ሕመም ማስታገሻ የሚፈልግ ሰው እንዲህ ዝርዝር አያይም። ሰውየውን አይተሽዋል።

እሱ ግን አንቺን አላየሽም፣ ጥፋቱ ደግሞ የሱ አይደለም። "አንድ ጓደኛዬ እዛ መንገድ ላይ ሞቶብኛል" ብቻ ነው ያልሽው። ለሱ የሰማው ነገር ምንድነው፣ አንድ የክፍል ልጅ ሞቷል፣ ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ እሷ ግን እናቴን ለማየት እምቢ አለች። ቤተሰቤን ናቀች ብሎ ቢያኮርፍ አልፈርድበትም፣ ሐረር ላይ ቤተሰብ ጋ ልውሰድሽ ማለት ቀላል ቃል አይደለም። ስለዚህ ንገሪው። ረጅም መሆን የለበትም፣ ምሽት አየሩ ሲቀዘቅዝ ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ሥር እየሄዳችሁ ብትነግሪው ፊት ለፊት ከመቀመጥ ይሻላል፣ ጎን ለጎን ስትሄጂ ከባድ ነገር ማውራት ይቀላል። "ጓደኛዬ ያልኩህ ልጅ ፍቅረኛዬ ነበር፣ ሶስት ዓመት አብረን ነበርን፣ ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ ያንን መንገድ እምቢ ያልኩት ያንተን ቤተሰብ ጠልቼ አይደለም" በይው፣ ይበቃል። ከዛ በኋላ ዝም ብለሽ እየው። ሊቀና ይችላል፣ ለጥቂት ቀን ሊዘጋሽ ይችላል፣ ወጣት ነው፣ ይሄን ጊዜ ስጪው። ስሙን ከጠራሽ እንለያያለን፣ ፎቶውን አሁን ፊቴ አጥፊ፣ እናቱን ስልክ አታንሺ ካለሽ ግን፣ ይሄን በግልጽ እናገራለሁ፣ ካንቺ ሕይወት ላይ ሶስት ዓመት ቆርጦ ሊጥል የሚፈልግ ሰው ነገ ሌላውንም ይቆርጣል። ከሱ ጋ የሐዘንሽን ሁሉ ማራገፍም ደግሞ አትጀምሪ፣ አማካሪሽ አይደለም፣ እሱም መወደድ ይፈልጋል።

አሁን እናቱ። ይሄ ነው ከሁሉ የከበደኝ፣ ጥያቄሽን ለሁለት ቀን ይዤው የቆየሁትም በሷ ምክንያት ነው።

አርብ አርብ ስትደውል የምታወሩት ስለ ገበያ፣ ስለ ሙቀቱ፣ "በልተሻል ወይ" ነው ብለሻል፣ ስሙ አይነሳም። አይነሳም፣ ግን ስልኩ ሁሉ እሱ ነው። አንቺ ለሷ የልጇ ሽታ ነሽ፣ ልጇ ከቤት ውጪ ምን አይነት ሰው እንደነበር የምታውቅ አንቺ ነሽ። ስለዚህ የምትፈሪው ነገር እውነት ነው፣ ስትነግሪያት ልጇን ሁለተኛ ጊዜ የቀበረች ሊመስላት ይችላል። ቢሆንም ትነግሪያታለሽ፣ ድሬ ጠባብ ናት፣ ሳቢያን ባጃጅ ላይ አይቶሽ መጋላ ላይ የሚያወራ አይጠፋም፣ ከሰው አፍ ብትሰማው ግን የሚጎዳት መውደድሽ ሳይሆን መደበቅሽ ነው።

በስልክ አይሆንም። ሂጂ፣ ብቻሽን ሂጂ፣ ቡናና ስኳር ይዘሽ፣ ከሰዓት በኋላ ሰው ከእንቅልፉ ተነስቶ ቡና በሚያፈላበት ሰዓት። መጀመሪያ አፍሉና ጠጡ። አቦሉ ላይ አትናገሪ፣ ቶናው ይድረስ፣ ዓይንሽም ከፈለገ ያልቅስ። እንዲህ ማለት ትችያለሽ፦ "እማዬ፣ ከሰው አፍ ከሚሰሙት ከኔ አፍ ይስሙት ብዬ ነው የመጣሁት። አንድ ልጅ ተዋውቄያለሁ፣ ጥሩ ሰው ነው። እርሶን ግን ላጣዎት አልፈልግም፣ አርብ ሲደውሉልኝ እኔም የምጠብቀው ቀን ነው።" ፈቃድ አትጠይቂያት። ፈቃድ ከጠየቅሻት ከባድ ነገር ጫንሽባት፣ እሺ ብትል ልጇን የሸጠች ይመስላታል፣ እምቢ ብትል ያንቺን ዕድሜ የዘጋች። መንገር ብቻ ነው። ከዛ የምትለው የሷ ነው። ምርቃት የመረቁ እናቶች አይቻለሁ፣ ዝም ብለው ስኒውን ያጠቡም አይቻለሁ፣ አንዷማ ተነስታ ጓዳ ገብታ በዛው ቀረች፣ ከሶስት ሳምንት በኋላ ነው የደወለችው። አርብ ካልደወለችልሽ አንቺ ደውይ። ሁለተኛውም አርብ ደውይ።

አንድ ነገር ግን ጠይቂያት፣ ይሄ ለፈቃድ አይደለም። "መቃብሩ ጋ አብረን እንሂድ፣ እኔ ለቅሶው ላይ አላለቀስኩም" በያት። ያቺ ሴት ብቻ ናት በዚህ ከተማ ሐዘንተኛ መሆንሽን የምታውቀው። እሷ ባለችበት ድምፅሽን አውጥተሽ አንዴ ብታለቅሺ፣ ሁለት ዓመት ዘግይቶም ቢሆን ለቅሶ ደረስሽ ማለት ነው። ምናልባትም በቃሽ ልጄ የምትለዋ ራሷ ትሆናለች። ለእናትሽም እንድትነግሪ አላስገድድሽም፣ ቤትሽን አንቺ ነሽ የምታውቂው፣ ግን ያን ማታ ሽሮ ያቀረበችልሽ ሴት ባታውቅም የሆነ ነገር እንዳለ ጠርጥራ ሊሆን እንደሚችል አስቢው።

መንገዱን ደግሞ ቀስ ብለን። ከድሬ ሐረር 50 ምናምን ኪሎ ሜትር ነው፣ ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፣ ሐረር ከ1,800 በላይ፣ ስለዚህ ደንገጎን ስትወጪ ጠመዝማዛው ብቻ አይደለም፣ አየሩም ይቀዘቅዛል፣ ጆሮሽም ይደፈናል፣ ሰውነትሽ ይሄን ሁሉ መዝግቦታል። አንዴ ደንገጎ መንደር ጋ ሳልደርስ እየተንቀጠቀጥኩ ከሚኒባስ ወርጄ ተመለስኩ ብለሻል፣ የሸሸሽው መንገድ ደግሞ በሸሸሽው ቁጥር ይገዝፋል፣ ጭንቅላትሽ "ያዳነኝ መመለሴ ነው" ብሎ ይይዘዋልና። እኛ የምናደርገው በትንሽ በትንሹ ነው። የሚያውቅሽ አንድ ሰው ይዘሽ፣ በጠዋት፣ መጀመሪያ ዳገቱ ሥር ድረስ ሄደሽ ተመለሺ። ልብሽ ይመታል፣ እጅሽ ይደነዝዛል፣ ቁጭ በይ፣ ትንፋሽሽን ከምታስገቢበት ረዘም አድርገሽ አስወጪው፣ እስኪቀልልሽ ጠብቂ፣ ካልሸሸሽው ወደ ላይ ወጥቶ ወጥቶ ይወርዳል። እዛው ቦታ ድጋሚ ሂጂ እስኪሰለችሽ፣ ከዛ ወደ ላይ ጨምሪ፣ ከዛ አደጋው የደረሰበት ቦታ መኪናውን ጥግ አስይዛችሁ ውረጂ። ሻማም አበባም ብትይዢ ያንቺ ነው። እዚህ ቦታ የመጀመሪያውን ጊዜ ከአዲሱ ልጅ ጋር አትሂጂ፣ ይሄ የሱ ጉዞ አይደለም። ከሱ ጋር ስታልፊ ወደ ቤተሰቡ የምትሄጂበት መንገድ ይሁን፣ ለሐረሩ ጉዞም ሁለት ሶስት ወር ጠብቀኝ ብትዪው አያሳፍርም።

ይሄን ሁሉ ብቻሽን መሞከር የሌለብሽ ጊዜም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት አሁን በሚሠራበት መመሪያ ከስድስት ወር በላይ ቆይቶ ኑሮን የሚያሰናክል ሐዘን፣ በአሜሪካኖቹ መመሪያ ደግሞ ለአዋቂ ከ12 ወር በላይ የሆነው፣ የተራዘመ ሐዘን ተብሎ ሕክምና የሚሰጠው ነገር ነው። ዋናው ቀኑ ሳይሆን ኑሮሽ ነው፣ አንቺ ትሠራለሽ፣ ትበያለሽ፣ ትስቂያለሽ፣ ትወጃለሽ፣ ከጻፍሽው ያለሽበት አይመስለኝም። ግን አልጋ ላይ መቅረት ከመጣ፣ ወይ ደግሞ "እሱ ጋ ብሄድ ይሻለኛል" የሚል ሐሳብ አንድም ቀን ከመጣብሽ፣ ነገ አትበይ፣ በዛው ቀን ለምታምኚው ሰው ንገሪና ድል ጮራ ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ክፍሉ ጋ ሂጂ፣ ሐረር ከሆንሽም ጁገል ሆስፒታል አለ።

ፎቶውን ቀረን። የስልክሽ ስክሪን ላይ ያለውን አሁን አትቀይሪው፣ ልጁ ስላየው ብለሽም አትቀይሪው። እናቱ ጋ ሂጂ፣ መቃብሩ ጋ ሂጂ፣ መንገዱን ጀምሪው፣ ከዛ በኋላ አንድ ቀን ስልክሽን ሰዓት ልታዪ ከፍተሽ ፎቶውን ሳታዪው ሰዓቱን ብቻ አይተሽ የምትዘጊበት ቀን ይመጣል። ያን ቀን አትደንግጪ። ፎቶውን አሳጥበሽ ለእናቱ አንድ፣ ላንቺ አንድ አድርጊውና ያንቺን መጽሐፍ ቅዱስሽ ውስጥ ወይ የምትወጂው ሳጥን ውስጥ አስቀምጪው። ስክሪኑ ላይ ምን እንደምታደርጊ ያኔ ራስሽ ታውቂዋለሽ። የድምፅ መልእክቶቹን ግን ዛሬውኑ ሌላ ቦታ ኮፒ አድርጊያቸው፣ ስልክ ይሰረቃል።